ከልጄ አፍንጫ የተወሰደው ናሙና የት ደረሰ?

ባለ መርፌዋ (አራዳ)፣ ጥር 28፣ ማታ 2፡15

የጥምቀት ማግስት የስድስት ዓመት ልጄን ትኩሳት ያዘው። ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር ቆሞ ጸበሉ ሲረጭ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ረጥቦ ነበርና ብርድ ነው ብዬ ሁለት ቀን ቤት አስተኛሁት። ሳሉ ሲበረታ እዚሁ ጎንደር ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ጠብ አልፈልግም። ነርሷ ሙቀቱን ለካች፣ 38.6 ነው አለች። መቼ እንደጀመረው ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ከዚያ «ለኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ናሙና ብንወስድ ፈቃደኛ ነሽ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ቀጭን ዘንግ በአፍንጫው ስትሰድድ ልጁ ጣራ እስኪነቀል ጮኸ።

ሁለት ሳምንት ሆነው። ልጁ ድኗል፣ ተመስገን። ትናንት ውጤቱን ልጠይቅ ብሄድ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎም ሳያየኝ «እሱ ለእናንተ አይመለስም» አለኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ጨርቅ ተቀብዬ «ለአንተ አይመለስም» ብል ማን ዝም ይለኛል? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ናሙናው የት ሄደ? ማንስ ምን አደረገበት?

ከአዘዞ፣ ማታ 2፡40

እህቴ፣ የዋህ ነሽ። ናሙናው ባሕር ተሻግሯል። የልጅሽን ዘር ፈትተው ያነብቡታል፣ መድኃኒት ይሠሩበታል፣ መድኃኒቱን ደግሞ መልሰው ይሸጡልሻል። ካለሽ ነው ታዲያ።

በረዶ ሳጥን፣ ማታ 3፡30

በላቦራቶሪ ሙያ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እንደ እሷ ልጅ ዓይነቱን ናሙና በእጄ አሽጌ ልኬአለሁና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ዘንጉ ከአፍንጫ እንደወጣ ቫይረሱን በሕይወት የሚያቆይ ፈሳሽ ወዳለበት ትንሽ ብልቃጥ ይገባል። ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው የመለያ ቁጥር ነው። ከዚያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። በ72 ሰዓት ውስጥ መመርመር ካልተቻለ ግን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። የቤት ፍሪጅ በረዶ ቤት አይሆንም። ከሁሉ የከፋው መቀዝቀዙ ሳይሆን ቀዝቅዞ ቀልጦ እንደገና መቀዝቀዙ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ እኔ የማስበው ስለ አምፖሉ አይደለም።

ብልቃጡ በሦስት ድርብ ማሸጊያ ተጠቅልሎ በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወደ ኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር በአዲስ አበባ ጥቂት ጣቢያዎች ብቻ ነበር፤ ወደ ክልል የወጣው በኋላ ነው። በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ አውሮፕላን ሲገኝ ይመረጣል። ስለዚህ «ከአዘዞ» ወንድሜ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነውና ባሕር ከመሻገሩ በፊት በአንተ ደጅ ነው የሚያልፈው።

እዚያ በፒሲአር ይመረመራል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ኢንፍሉዌንዛ አለበት ወይስ የለበትም ነው። ካለበት ዓይነቱ ኤ ነው ወይስ ቢ? ኤ ከሆነ ንዑስ ዓይነቱ ኤች1 ነው ወይስ ኤች3? መሣሪያው የቫይረሱን ዘረመል በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛል፤ ምልክቱ በስንተኛው ዙር እንደታየ ይመዘገባል። በ20ኛው ዙር ከታየ ቫይረሱ ብዙ ነበር፣ በ36ኛው ከታየ እንጥፍጣፊ ነው። የዘረመል ንባብ የሚሞከረው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዙር በታች የታዩት ላይ ነው።

ውጤቱ ሲደርስ ልጁ እንደተባለው ድኗል። ሕክምናውን የሚለውጥ አይደለም፣ ለዚህም ነው ወደ ቤተሰብ እንዲመለስ ያልታሰበው። ቅኝት ማለት ወንዙ ደፍርሶ እንደሆነ በቅል ቀድቶ ማየት ነው፤ የሚታየው ወንዙ ነው እንጂ ቅሉ አይደለም። ይህን ግን አስቀድሞ ለእናትየዋ መንገር አሥር ቃል አይፈጅም ነበር። ቀና ብሎ አለማየት ነውር ነው። በሙያ ባልደረባዬ ስም አፍሬአለሁ።

ጤና አዳም፣ ማታ 3፡52

ለመሆኑ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ አንድ አይደሉም እንዴ? እናቴ ለሁሉም ዳማከሴ ጨምቃ ነው የምታጠጣን። ደግሞ ውሃ የረጠበ ሁሉ ለምን አይታመምም?

ነርስ ከማራኪ፣ ማታ 4፡10

በአማርኛ ሁለቱንም ጉንፋን እንላለን፣ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡ ቫይረሶች ብዙ ናቸው፣ ኢንፍሉዌንዛ ግን ራሱን የቻለ ነው፤ ድንገት ይጥላል፣ አጥንት ይሰብራል። ለቅኝት ናሙና የምንወስደው 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከሳል ጋር ካለው፣ ሕመሙ ከጀመረው ደግሞ አሥር ቀን ካላለፈው ሰው ነው። አስተኝቶ የሚያስታምም ከሆነ በሌላ መዝገብ ይያዛል። ውሃው ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የሕዝቡ መጨናነቅ ነው፤ በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ስንዘምር አንዱ ያስላል፣ ሌላው ይስባል። ዳማከሴውን ጠጪ፣ አልከለክልሽም፤ ልጅ ትንፋሽ ካጠረው ግን ቅጠል አትጠብቂ።

ከአዘዞ፣ ማታ 4፡25

ሁሉም ያምራል። ዘረመል ይነበባል ብላችኋል ግን። የማን ዘረመል?

ስምንት ቁራጭ፣ ጥር 29፣ ጠዋት 3፡05

የቫይረሱ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ፣ ይህን መረጃ ኮምፒውተር ላይ ማንበብ የዕለት ሥራዬ ነውና ላስረዳ።

የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረመል አንድ ረጅም ገመድ አይደለም። ስምንት ቁራጭ ነው፣ በድምሩ 13,500 ያህል ፊደል። ደስ የሚለው ነገር፣ የስምንቱም ቁራጭ ጫፎች ተመሳሳይ ናቸው፤ በአንዱ ጫፍ 12 ፊደል፣ በሌላው 13 ፊደል፣ ከሞላ ጎደል ሳይለወጡ በኤ ቫይረሶች ሁሉ ይገኛሉ። የብራና መጽሐፍ ሁሉ በስመ አብ ብሎ ጀምሮ በአሜን እንደሚዘጋው ማለት ነው። እኛም የምናባዛው በስመ አብንና አሜንን ይዘን ነው። የሰው ዘረመል እነዚያ ጫፎች የሉትም፣ ስለዚህ አብሮ አይባዛም። በአፍንጫ ፈሳሽ ውስጥ የሰው ሕዋስ መኖሩን አልክድም፤ በንባቡ መካከል ቁርጥራጩ ቢገኝ ግን ተጣርቶ ይወገዳል እንጂ አይመዘገብም።

የመሪጌታ ልጅ፣ ጠዋት 4፡20

ልጄ፣ የብራናውን ነገር ስታነሺ ዝም ማለት አቃተኝ። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ከአንድ አብነት ሁለት ደቀ መዛሙርት ሲገለብጡ አንዱ ቃል ቢዘልል፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡ ሁሉ ያንን ግድፈት ይወርሳሉ። አባቴ አንድ ገጽ አንብበው «ይህ ከዚያኛው ደብር መጽሐፍ የተገለበጠ ነው» ይሉ ነበር፤ የሚያውቁት በእጅ ጽሕፈቱ ሳይሆን በግድፈቱ ነው። እናንተም የምትሠሩት ይህንኑ ነውን?

ስምንት ቁራጭ፣ ጠዋት 4፡50

ጋሼ፣ መምህሮቼ በአንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ያላስረዱኝን እርስዎ በአራት መስመር ጨረሱት። አዎን፣ ይህንኑ ነው። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ አራሚ የለውም። በተለይ ላዩ ላይ ባለው ሄማግሉቲኒን በሚባል ፕሮቲን ላይ ግድፈቱ በፍጥነት ይከማቻል። የዚህ ፕሮቲን መጻፊያ 1,700 ያህል ፊደል ነው፤ በኤች3ኤን2 ዝርያ በዓመት ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑት ይለወጣሉ። ከጎንደርና ከናይሮቢ የመጡ ሁለት ናሙናዎች አንድ ዓይነት ግድፈት ከተገኘባቸው አብነታቸው አንድ ነበር ማለት ነው። በዚህ መንገድ የዘር ሐረግ ይሣላል። ኔክስትስትሬይን በሚባለው ድረ ገጽ ማንም ሰው ዛፉን ከፍቶ ቅርንጫፉን ማየት ይችላል።

ከዚህ የባሰም አለ። ሁለት የተለያዩ ቫይረሶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከገቡ ስምንቱ ቁራጮች ይቀላቀላሉ። የሁለት መጻሕፍት ጥራዝ ተፈትቶ ቅጠሎቹ ተቀላቅለው እንደገና ሲሰፉ ያስቡት። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለምን ያዳረሰው ኤች1ኤን1 እንዲህ የተሰፋ ነበር፤ ከአሳማ፣ ከወፍና ከሰው ቫይረስ የመጡ ቅጠሎች ነበሩበት።

የመሪጌታ ልጅ፣ ጠዋት 5፡15

እንግዲያው ሌላ ልጠይቅ። ግድፈት ሁሉ ትርጉም አያዛባም። በአማርኛ «ፀሐይ» ብለሽ ብትጽፊ «ጸሀይ» ብለሽ ብትጽፊ ያው ፀሐይ ናት። በግእዝ ግን «ሰአለ» ለመነ ነው፣ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ነው። የቫይረሱ ግድፈት ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

በረዶ ሳጥን፣ ቀን 7፡10

ይህ ጥያቄ ምሳዬን አስረሳኝ። መልሱ፣ ጋሼ፣ በማንበብ ብቻ አይታወቅም። አንባቢው ይጠየቃል፤ አንባቢው ደግሞ የሰውነታችን ፀረ እንግዳ አካል ነው።

ፌሬት የሚባል ሙጭልጭላ የሚመስል እንስሳ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በእርሱ ነው፣ እስከ ዛሬም ሥራ አልፈታም። የክትባቱን ቫይረስ ያውቅ ዘንድ በተደረገ ፌሬት ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል። ይህን ከአዲሱ ቫይረስና ተርኪ ከሚባለው ወፍ ወይም ጊኒ ፒግ ከሚባለው እንስሳ ቀይ የደም ሕዋስ ጋር ያገናኙታል። ቫይረሱ ብቻውን ከሆነ የደም ሕዋሶቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል። ፀረ እንግዳ አካሉ ካወቀው ይይዘዋልና ደሙ ተንሸራቶ እንደ አዝራር ከሥር ይቀመጣል። አዲሱ ቫይረስ ሾልኮ ካያያዘው ግን ግድፈቱ «ሠዐለ» ሆኗል ማለት ነው፤ የቀድሞው ክትባት በደንብ አያውቀውም። ለዚህ ምርመራ በንባብ የተገኘው ፊደል አይበቃም፣ በሕይወት ያለ ቫይረስ ያስፈልጋል። በረዶ ሳጥኔን እንደ ልጅ የማቅፈው ለዚህ ነው።

አንድ ፊደል የሚበቃበት ጊዜም አለ። ኦሴልታሚቪር የሚባለውን የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በኤች1ኤን1 ላይ ከንቱ የሚያደርገው ለውጥ አንዲት ፊደል ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ነው መጀመሪያ ጎልቶ የታየው፤ በዓመት ግድም ውስጥ የዚያን ጊዜው ወቅታዊ ኤች1ኤን1 በብዙ አገር መድኃኒቱን የማይፈራ ሆነ። ቅኝት ባይኖር ሐኪሞች ያንን ኪኒን እያዘዙ ይቀጥሉ ነበር።

ከአዘዞ፣ ማታ 1፡30

እሺ፣ የዘሩን ነገር ተውኩት፣ ተሳስቻለሁ። ዋናው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም፣ እንዲያውም ባሰበት። ይህ ሁሉ ፌሬት፣ ይህ ሁሉ ዛፍ መጨረሻው ክትባት ነው። ያ ክትባት ጎንደር የት ይገኛል? ለሕፃናት በሚሰጠው መደበኛ የክትባት መርሃ ግብር ውስጥ የለም። የእኛ ልጆች ይጮሃሉ፣ የሌላ አገር አዛውንቶች ይከተባሉ። ይህን «ትብብር» የምትሉት ከሆነ በሬና አራሽም ይተባበራሉ።

ነርስ ከማራኪ፣ ማታ 2፡00

እውነቱን ነው። እኔ ናሙና ወሳጇ ራሴ ተከትቤ አላውቅም።

በረዶ ሳጥን፣ ማታ 2፡45

ስለ በሬው አልከራከርም። ግን ይህን ጥያቄ የጠየቀ መንግሥት እንደነበረ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢንዶኔዥያ የወፍ ጉንፋን ኤች5ኤን1 ናሙና አልሰጥም አለች። ምክንያቷ የአንተው ነው፤ በእኛ ቫይረስ ክትባት ትሠራላችሁ፣ እኛ ግን መግዛት አንችልም። ዓለም ተቆጣ፣ ከዚያ ለመነጋገር ተገደደ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ጤና ጉባኤ አንድ ማዕቀፍ አጸደቀ። ናሙናው ከሚዘዋወርበት የዓለም ጤና ድርጅት የላቦራቶሪ መረብ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች በዓመት በድምሩ 28 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላሉ፤ ወረርሽኝ ሲነሣም ከምርታቸው የተወሰነ እጅ ለዓለም ጤና ድርጅት ለማቅረብ ይዋዋላሉ።

አሁን የሚያናድደውን ልንገርህ። ማዕቀፉ የሚመለከተው ወረርሽኝ ሊያስነሡ የሚችሉትን ቫይረሶች ብቻ ነው። ወቅታዊው ኢንፍሉዌንዛ፣ የባለ መርፌዋን ልጅ ይዞት ሊሆን የሚችለው ዓይነቱ፣ የለበትም። እርሱ አሁንም በነጻ ነው የሚሄደው።

ይህም ሆኖ እኔ መላኬን አላቆምም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ተቀምጠው የክትባቱን ቫይረሶች ይመርጣሉ፤ በየካቲት ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ፣ በመስከረም ለደቡቡ። ስድስት ወር ቀድመው የሚመርጡት ክትባቱን ማምረት ያን ያህል ስለሚፈጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለተኛ አጋማሽ ኬ የተባለ የኤች3ኤን2 ንዑስ ዘር በብዙ አገሮች ሲስፋፋ የሰሜኑ ክትባት በዚያው ዓመት የካቲት ተመርጦ አልቆ ነበር። ክትባቱ ከከባድ ሕመም መከላከሉን ባያቆምም አለካኩ ልክ አልነበረም። ባለ መርፌዋ ታውቀዋለች፣ ደንበኛው ከተለካ በኋላ ከወፈረ ጥፋቱ የሰፊው አይደለም። ከእኛ ወገን ናሙና ካልሄደ ደግሞ ልብሱ የሚሰፋው እኛን ሳይለካ ነው። አንድ ቀን ክትባቱ ሲደርሰን ያልተለካንበትን እንለብሳለን።

ከአዘዞ፣ ማታ 3፡00

«አንድ ቀን»። እስቲ እናያለን።

ጤና አዳም፣ ማታ 3፡20

ዳርዊን፣ ሆንግ ኮንግ፣ ሲንጋፖር እያሉ ለክትባት ቫይረስ የከተማ ስም ሲሰጡ አይቻለሁ። ጎንደርስ አላት?

ስምንት ቁራጭ፣ ማታ 3፡45

ስሙ የክብር አይደለም፣ አድራሻ ነው። ዓይነቱ፣ የተገኘበት ቦታ፣ የናሙናው ቁጥር፣ ዓመቱ። ኤ/ዳርዊን/9/2021 ማለት በ2021 ከዳርዊን የተገኘ ቁጥር 9 ኤ ቫይረስ ማለት ነው። ከሰው ካልሆነ የእንስሳው ስም በመካከል ይገባል። ቦታው ከተማም አገርም ሊሆን ይችላል፤ ቢ/ኦስትሪያ/1359417/2021 የሚባል አለ፣ ኦስትሪያ ሙሉ አገር ናት። በእያንዳንዱ ስም ጀርባ አፍንጫው የተነካ አንድ ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

የጠፋም አለ። ቢ/ያማጋታ የሚባለው ሐረግ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ወዲህ በትክክል ተረጋግጦ አልተገኘም፤ ኮቪድን ፈርተን ቤት ስንዘጋ እርሱም አብሮ ተዘጋበት መሰለኝ። አሁን ከክትባቱ ወጥቷል፣ ክትባቱም ከአራት ወደ ሦስት ቫይረስ ወርዷል። የለም ብሎ ለመናገር ግን በየአገሩ የሚፈልገው ሰው መኖር ነበረበት።

የመሪጌታ ልጅ፣ የካቲት 1፣ ጠዋት 2፡30

አያቴ ስለ ኅዳር በሽታ ይነግሩኝ ነበር። 1911 ዓ.ም.፣ ቀባሪ የጠፋበት ዘመን። ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተርፈዋል። ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን ስናጨስ ልጆቹ ጭሱን እንጂ ምክንያቱን አያውቁም። የዚያን ጊዜው ቫይረስ ምን እንደነበር አሁን ታውቋል ይባላል፤ እውነት ነውን?

ስምንት ቁራጭ፣ ጠዋት 3፡10

እውነት ነው፣ ጋሼ። ኤች1ኤን1 ነበር። ሙሉ ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ2005 ተነብቦ አለቀ፤ ከአላስካ በረዶ ውስጥ ከተቀበረች አንዲት ሴትና በጦር ሠራዊቱ የሕክምና ማኅደር ከተጠበቀ የአሜሪካ ወታደሮች የሳንባ ናሙና። ከኅዳር በሽታ ሙታን ግን አንድም ብልቃጥ የለንም። የእኛ ቅርንጫፍ የት ላይ እንደነበር ዛፉ አያሳይም።

ነርስ ከማራኪ፣ ጠዋት 3፡40

እኔ በተማርኩበት በዚህ ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ በዋዜማው ዓመት በደምቢያ ወባ ሰውን ስለፈጀ። ከሞት በኋላ መክፈት ልማዳችን ነው። አሁን ግን ሳይሞት ነው የምንቆጥረው፣ ቢያንስ በዚህ እንስማማ። ባለ መርፌዋ፣ ነገ ከእኔ ጋር ነይ። የዚያን ጣቢያ ኃላፊ አውቃታለሁ።

ባለ መርፌዋ፣ የካቲት 3፣ ማታ 1፡50

ሄድን። ኃላፊዋ ቀና ብላ አየችኝ፣ ወንበርም ሰጠችኝ። መዝገቡን አወጣች፤ ልጄ አንድ መስመር ነው፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ 38.6፣ ቁጥር። የእርሱ ለብቻው ገና አልመጣም፣ ሲመጣም የሚመጣው በድምር ነው አለችኝ። እንግዲያው ድምሩን ካርድ ክፍሉ በር ላይ ለጥፉልን አልኳት፤ ከላካችሁት ስንቱ ኢንፍሉዌንዛ ሆነ፣ የትኛው ዓይነት ነው፣ ይኸው ነው የምንፈልገው። አሰበችና «የሚከለክል መመሪያ አላየሁም» አለች። የመስኮቱ ሰውዬ ወረቀቱን እንዲለጥፍ ታዝዟል። ማጣበቂያው የእኔ ነው።

የልጄን ቁጥር በክትባት ካርዱ ጀርባ ጻፍኩት። ማታ ሳሳየው «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ፤ የጉንፋንህ አድራሻ ነው አልኩት።

ታናሽ እህቱ ዛሬ ጠዋት ሳል ጀምራለች። ቴርሞሜትር ገዝቼ ነበር፣ 37.4 ይላል። 38 ከገባ እወስዳታለሁ። «ከአዘዞ» ወንድሜ፣ አውሮፕላን ሲያልፍ ካየህ ሰላምታ ስጥልኝ።